ይቅርታ የማን ናት?

«የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» ይላል የአበው ብሂል። አባባሉ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠቀሰው ስለ ቂም ሲወራ ነው። በጥሞና ለመረመረው ሰው ግን የሚናገረው ስለ ቂም ሳይሆን ስለ ቁስል ነው። የተወጋው የማይረሳው መርሳት ስለማይፈልግ ሳይሆን መርሳት ስለማይችል ነው። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብር ዘመን እጅና እግሩ ታስሮ፣ በእንጨት ላይ ተንጠልጥሎ «ወፌ ላላ» የተገረፈ ወጣት በሕይወት ካለ ዛሬ ዕድሜው ከስልሳ አልፏል። ውስጥ እግሩን የገረፈው ጅራፍ ካረፈ ግማሽ ምዕተ ዓመት ሊሞላው ነው። ሆኖም ሌሊት በር ሲንኳኳ የሚደነግጥ፣ መኪና ከደጃፉ ሲቆም ትንፋሹን ውጦ የሚያዳምጥ፣ ለልጆቹ ሳይናገር ያረጀ ሰው ጥቂት አይደለም።

እንዲህ ያለው ሰው ጭንቀቱን ይዞ በቅድሚያ የሚሄደው ብዙውን ጊዜ ወደ ሐኪም ቤት አይደለም። የሚሄደው ወደ ንስሐ አባቱ፣ ወደ ሼኩ፣ ወደ ፓስተሩ ነው። እዚያም ደጋግሞ የሚሰማው ምክር አንድ ነው፦ «ይቅር በል፤ ለፈጣሪ ስጠው።» ምክሩ ከክፋት የመነጨ አይደለም። የሁሉም ሃይማኖቶች ልብ ምሕረት ነውና ከሃይማኖት አባት አፍ ሌላ ቃል መጠበቅ ያስቸግራል። ነገር ግን ጥያቄው እዚህ ላይ ይነሣል። ይቅርታ የማን ናት? የተበደለው ሰው ሀብት ናት ወይስ ሌላው ሊያዝባት፣ ሊያፋጥናት፣ አልፎም በእርሱ ስም ሊሰጣት የምትችል ነገር ናት? የሃይማኖት መሪዎች ከጦርነትና ከሰቆቃ የተረፉትን እንዴት ሊረዱ እንደሚችሉ የሚወሰነው ለዚህ ጥያቄ በሚሰጠው መልስ ነው።

መልሱን ለማግኘት ሰቆቃ በሰው ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት ማስተዋል ያስፈልጋል። ግርፋት ሥጋን ብቻ የሚያሳምም ቢሆን ኖሮ ቁስሉ ሲሽር ነገሩም ያበቃ ነበር። ገራፊው ግን ከሥጋው አልፎ የሚፈልገው የሰውየውን ፈቃድ ነው። መቼ እንደሚናገር፣ ምን እንደሚናገር፣ መቼ ዝም እንደሚል የመወሰን ሥልጣኑን ሊነጥቀው ይሻል። «አውጣ! ተናገር!» እያለ የሚያስለቅቀው ቃል የእስረኛው ቃል መሆኑ ይቀራል፤ የገራፊው ንብረት ይሆናል። በዚያ ዘመን በየቀበሌው በተካሄደው የማጋለጥ ስብሰባ ሰዎች በጎረቤቶቻቸው ፊት ቆመው ራሳቸውን እንዲያጋልጡና ሌሎችን እንዲጠቁሙ ተገድደዋል። በዚህ ያለፈ ሰው ከሕመሙ ይልቅ የሚያንገበግበው ብዙ ጊዜ ኀፍረቱ ነው። የወዳጁን ስም የተናገረ ስለ ተናገረ ያፍራል፤ ያልተናገረም ጓደኞቹ ሲሞቱ እርሱ በመትረፉ ያፍራል። ሁለቱም «ሆድ ይፍጀው» ብለው ይኖራሉ።

አሁን ይህን ሰው ከንስሐ አባቱ ፊት እናስቀምጠው። በአንድ ጸጥ ያለ ቦታ ሁለት ሰዎች ተቀምጠዋል። አንደኛው ሥልጣን አለው፤ ይጠይቃል። ሌላው አንገቱን ደፍቶ ይመልሳል። ለካህኑ ይህ የፈውስ ቦታ ነው። ለተገረፈው ሰው ግን አቀማመጡ ራሱ የሚያስታውሰው ሌላ ክፍል አለ። ስለዚህ ደግ አባት ሳያስበው የመርማሪውን ወንበር ሊወርስ ይችላል። ዝርዝር ሲጠይቅ፣ «ሁሉንም ካልተናገርህ አትፈወስም» ሲል፣ «ዛሬውኑ ይቅር በል» ብሎ ሲያጣድፍ፣ ያ ሰው አንድ ጊዜ የተነጠቀውን ፈቃድ ዳግመኛ ይነጠቃል። ከዚህ የሚከተለው የመጀመሪያው ትምህርት ቀላል ነው። ጊዜውን የሚመርጠው ተጎጂው ይሁን፤ የንግግሩን መጠንም እርሱ ይወስን፤ በፈለገ ጊዜ ተነሥቶ መሄድ እንደሚችልም ይወቅ። ዝም ማለትም መብቱ ነው።

ይህ ለሃይማኖት እንግዳ የሆነ ጥበብ አይደለም። የኢዮብ ወዳጆች መከራውን ሰምተው በመጡ ጊዜ ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት ከእርሱ ጋር በመሬት ላይ ተቀምጠው አንድ ቃል እንኳ እንዳልተናገሩ መጽሐፉ ይተርካል። እነዚያ ሰባት ቀናት ወዳጆቹ ለኢዮብ ያደረጉለት ታላቅ ነገር ነበሩ። የተሳሳቱት አፋቸውን ከፍተው መከራውን በኃጢአቱ ማሳበብ ሲጀምሩ ነው። ዛሬም ሰቆቃ የደረሰበትን ሰው «ምን በድለህ ይሆን?» ወይም «ፈጣሪ ሊያስተምርህ ነው» የሚል ሁሉ የእነርሱን ስሕተት ይደግማል። ገራፊው የሠራውን ሥራ ወደ ፈጣሪ ያዞራልና።

የሃይማኖት አባት ሐኪም ሊሰጠው የማይችለው ሌላ ስጦታም በእጁ አለ። ይኸውም ሐዘንን ሥርዓት የማስያዝ ሥልጣን ነው። በቀይ ሽብር ወቅት ሬሳ በየጎዳናው ሲጣል ወላጆች እንዳያለቅሱ ተከልክለው ነበር፤ የልጃቸው አስከሬን ሲሰጣቸው የጥይት ዋጋ የተጠየቁም ነበሩ። ብዙዎች አስከሬኑንም አላገኙም። ያልተለቀሰለት ሞት ለቤተሰቡ አያልቅም፤ እናት «ምናልባት በሕይወት ይኖር ይሆናል» እያለች በሩን ሳትቆልፍ ታድራለች። በ1984 ዓ.ም. የብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ቴዎፍሎስና የቄስ ጉዲና ቱምሳ አስከሬኖች ተገኝተው በሥርዓት ሲቀበሩ፣ ሁለቱም በ1971 ዓ.ም. ከተገደሉ አሥራ ሦስት ዓመት ገደማ ሆኗቸው ነበር። አንዱ ፓትርያርክ፣ አንዱ የወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ ነበሩ። ይህም የሃይማኖት አባቶች ስለ ሰቆቃ ሲናገሩ ከውጭ ሆነው እንደማይናገሩ ያሳያል፤ ከእነርሱም መካከል ተጎጂ አለ። መቃብር ላልተገኘለት ሰው ስሙ ተጠርቶ ጸሎት ሲደረግለት፣ የተበተነው ለቅሶ ተሰብስቦ ሲለቀስ፣ ለቤተሰቡ የሞቱ እውነትነት በሰው ፊት ይታወቅለታል። ይህ መድኃኒት ነው።

እንግዲህ ወደ ይቅርታው እንመለስ። በ2003 ዓ.ም. የኢትዮጵያ የሃይማኖት መሪዎች ሞት ለተፈረደባቸው የደርግ ባለ ሥልጣናት ይቅርታ እንዲደረግላቸው መንግሥትን ጠየቁ። በዚያው ዓመት ግንቦት መጨረሻ የሃያ ሦስቱ ፍርድ ከሞት ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ተለወጠ፤ በ2004 ዓ.ም. መጀመሪያም ብዙዎቹ ከእስር ወጡ። የሃይማኖት አባቶቹ ምክንያት ሊናቅ የሚገባው አይደለም። ሞትን በሞት መመለስ የደም ሰንሰለትን አይበጥስም፤ አረጋውያንን በገመድ መስቀል ለሟች ወላጅ ልጅዋን አይመልስላትም፤ ቂም ቋጥሮ የሚኖርም ከጠላቱ ይልቅ ራሱን ያቃጥላል። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ሆኖም ከተጎጂ ቤተሰቦች መካከል ቅሬታና ተቃውሞ ተሰማ። ቅሬታቸውም «ለምን አልተሰቀሉም?» የሚል ብቻ አልነበረም። ከጀርባው «እኛ ሳንጠየቅ በእኛ ስም ማን ይቅር አለ?» የሚል ጥያቄ ነበረው።

ጥያቄው በራሱ በሃይማኖቱ ሚዛን ሲመዘን ከባድ ነው። በእስልምና ትምህርት በሰውና በፈጣሪ መካከል ያለ በደልና የሰው ሐቅ የተለያዩ ናቸው። የሰው ሐቅ ባለቤቱ ካልተወው በስተቀር በንስሐ ብቻ አይወርድም፤ በግድያም ቢሆን ይቅር የማለት መብት የሟች ወራሾች ነው። በክርስትናም መባውን ይዞ ወደ መሠዊያ የቀረበ ሰው ወንድሙ እንደተቀየመው ትዝ ቢለው መባውን ትቶ አስቀድሞ እንዲሄድና እንዲታረቅ ታዝዟል። በዚህ ትእዛዝ ውስጥ እንዲነሣና እንዲሄድ የተጠየቀው በዳዩ ነው። የተበደለው ከቤቱ ወጥቶ በዳዩን እንዲፈልግ አልተጠየቀም። መንግሥት ቅጣትን ሊያቀል ይችላል፤ ካህን ለንስሐ ገቢው የፈጣሪን ምሕረት ሊያውጅ ይችላል። የተገረፈውን ሰው ይቅርታ ግን ከተገረፈው በቀር ማንም ሊሰጥ አይችልም። ሟቹ ሊናገር ስለማይችል የእርሱ ድርሻ ሳይከፈል ይቀራል፤ ይህንንም ሐቅ በትሕትና መቀበል ያስፈልጋል።

የግዕዝ ቋንቋ በዚህ ነገር ላይ ዝም አላለም። «ፈትሐ» የሚለው ግስ የታሰረውን ለቀቀ፣ ፈታ ማለት ነው፤ ፈረደ ማለትም ነው። ካህኑ «ይፍታ» ሲል፣ በሙታን ላይ ፍትሐት ሲደርስ፣ በዳኛ ፊትም ፍትሕ ሲጠየቅ የሚሰማው አንድ ሥር ነው። የጥንቱ ሰው መፍታትንና መፍረድን በአንድ ቃል ጠርቷቸዋል። ስለዚህ እውነቱ ሳይነገር፣ በዳዩ ሳይታወቅ፣ «እንርሳው» ብቻ የሚል እርቅ ቃሉን ለሁለት ይሰነጥቀዋል። ፍትሕ የሌለበት መፍታት ገመዱን ከበዳዩ ላይ አውልቆ በተበዳዩ ላይ ያጠብቃል።

ከጎረቤት አገሮችም የሚገኝ ትምህርት አለ። እ.ኤ.አ. በ1992 በኬንያ የፖለቲካ እስረኞች እናቶች ልጆቻቸው እንዲፈቱ በናይሮቢ ኡሁሩ ፓርክ የረኀብ አድማ አድርገው ነበር። ፖሊስ በቆመጥና በአስለቃሽ ጭስ ሲበትናቸው በአቅራቢያው ያለው የኦል ሴይንትስ ካቴድራል በሩን ከፈተላቸው፤ እናቶቹም በዚያ ተጠልለው ወደ አንድ ዓመት ገደማ ቆዩ። ቤተ ክርስቲያኑ እናቶቹን «ይቅር በሉ» አላላቸውም፤ ጣራ ሰጣቸው። ከልጆቻቸው አብዛኞቹ በመጨረሻ ተፈቱ። በሩዋንዳ ደግሞ የሆነው ተቃራኒው ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 እንደ ንያማታና ንታራማ ባሉ አብያተ ክርስቲያናት የተጠለሉ ሰዎች እዚያው ውስጥ ታረዱ፤ በግድያው እጃቸውን ያስገቡ ካህናትም ነበሩ። ለዚያ ሰው የደወል ድምፅ ራሱ ቁስል ነው። የሩዋንዳ ካቶሊክ ጳጳሳት እ.ኤ.አ. በኅዳር 2016 የቤተ ክርስቲያኒቱ አባላት ስለፈጸሙት በደል ይቅርታ ጠይቀዋል። የሃይማኖት አባት ስለ ይቅርታ ለመስበክ ከመነሣቱ በፊት የራሱ ቤት የሚጠይቀው ይቅርታ እንዳለ መመርመር ይገባዋል። በጦርነት ጊዜ አንዱን ወገን የባረከ አንደበት በሰላም ጊዜ የሌላውን ወገን ቁስል ሊያክም ቢመጣ በቀላሉ የሚያምነው አያገኝም።

ይህ ሁሉ ያለፈ ዘመን ወሬ አይደለም። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ተጀምሮ በጥቅምት 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ ስምምነት እንዲቆም በተደረገው የሰሜኑ ጦርነት በትግራይ፣ በአማራና በአፋር እጅግ ብዙ ሰው ተጎድቷል፤ ሴቶች በአስገድዶ መድፈር ተሰቃይተዋል። በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. ደግሞ የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲ ጸድቋል። እውነትን ማፈላለግ፣ ተጠያቂነት፣ ካሣና እርቅ በአንድነት በሚነሡበት በዚህ ጊዜ የሃይማኖት መሪዎች ተሰሚነት ከፍተኛ ነው። ተጎጂውን አጣድፈው እርቁን ሊያሳምሩ ይችላሉ፤ ከተጎጂው ጎን ቆመው «አስቀድሞ ይሰማ» ሊሉም ይችላሉ።

በተለይ የተደፈረች ሴት ጉዳይ የአባቶችን ቃል ይጠብቃል። በብዙ ቦታ ኀፍረቱን የምትሸከመው እርስዋ ናት፤ ባል ይሸሻታል፤ ቤተሰብ ይደብቃታል። አንድ የነፍስ አባት ባልየውን ጠርቶ «በሚስትህ ላይ ነውር የለም፤ ነውሩ የአድራጊው ነው» ቢለው አንድ ቤት ከመፍረስ ሊድን ይችላል። ሼኩ በጁምዓ፣ ቄሱ በዐውደ ምሕረት ይህን በግልጽ ቢናገሩ ስምዋ ሳይጠራ የምትሰማ ሴት ትኖራለች። የነገረቻቸውን ምሥጢር እስከ መቃብር መጠበቅም የማይታለፍ ግዴታ ነው።

የሃይማኖት አባት የሙያውን ዳርቻ ማወቁም ከርኅራኄ ይቆጠራል። እንቅልፍ ማጣት፣ ቅዠት፣ ድንጋጤ፣ ከሰው መሸሽ ሁልጊዜ የርኩስ መንፈስ ምልክቶች አይደሉም፤ መከራ ያለፈበት አእምሮ ራሱን የሚጠብቅባቸው መንገዶች ሊሆኑ ይችላሉ። የታሰረና የተገረፈን ሰው ለጸበል ብሎ በግድ ማሰር የቀድሞውን ሰቆቃ መድገም ነው። በኤድስ ጉዳይ ጸበልና መድኃኒት አብረው እንደሚሄዱ አባቶች አስተምረዋል፤ ያው ትምህርት ለመንፈስ ስብራትም ይሠራል። ደጉ ሳምራዊ የወደቀውን ሰው ቁስል ካሰረለት በኋላ ወደ እንግዶች ማረፊያ ወስዶ ለሌላ ሰው አደራ ሰጥቶታል። ለሐኪም አደራ መስጠት የእምነት ማነስ አይደለም።

ይቅርታ ትልቅ ጸጋ ናት። ትልቅነቷም በነጻ በመሰጠቷ ነው፤ ተገድዶ የተሰጠ ይቅርታ ተገድዶ ከተሰጠ የምርመራ ቃል አይለይም። ከተጎዱት መካከል ከዓመታት በኋላ ልባቸው ለቅቆ ይቅር የሚሉ ይኖራሉ፤ እስከ ሞት ድረስ የማይቻላቸውም ይኖራሉ። ሁለቱም በፈጣሪ ቤት ቦታ አላቸው። የሃይማኖት አባት ሥራ በሩን ክፍት አድርጎ፣ ጆሮውን ሰጥቶ፣ በዳዩን ወደ እውነት እየጠራ መጠበቅ ነው። በሩን አልፎ ለመግባት ወይም ከደጅ ለመቆየት የሚወስነው፣ አንድ ጊዜ ፈቃዱን የተነጠቀው ያ ሰው ብቻ ነው።