ለትምህርት ስለሚታሰር እንስሳ

የሰው ጠባይ ከበላዩ ላለው በሚያሳየው አክብሮት አይለካም፤ የበላይን ማክበር ፍርሃትም ጥቅምም ያስተምረዋልና። ጠባይ በእውነት የሚታወቀው አቤት ለማለት በማይችል ፍጥረት ላይ ሥልጣን ባገኘ ጊዜ ነው። ስለዚህ ወጣቶች አንባቢዎቼ ትንሽ የሚመስል አንድ ጥያቄ ከእኔ ጋር እንዲመረምሩ እወዳለሁ። ጥያቄውም፣ ልጆችን ርኅራኄ ለማስተማር ሲባል እንስሳን በክፍል ውስጥ አስሮ ማኖር ተገቢ ነውን? የሚል ነው።

በተማርሁበት የሚሲዮን ትምህርት ቤት ከባሕር ማዶ የመጡ አንዲት አስተማሪ በአገራቸው ጊኒ ፒግ የሚባል ትንሽ እንስሳ በክፍል ውስጥ በሣጥን እንደሚኖርና ተማሪዎች በተራ እንደሚመግቡት አጫወቱን። እኛ ከብት ስንጠብቅ ያደግን የአዊ ልጆች የማይታለብ፣ የማይታረስበት፣ የማይጫን እንስሳ ምን ያደርጋል ብለን ሳቅን። በኋላ አስተማሪ ሆኜ ከሠራሁባቸው ትምህርት ቤቶች በአንዱ ግን ነገሩ በእኛም ዘንድ ሲደረግ አየሁ። ተማሪዎች አንዲት ጥንቸል በሣጥን ውስጥ አኖሩ። በመጀመሪያው ሳምንት ጎመን የሚያመጣላት ሰው በዛ። በሦስተኛው ወር ውኃዋን የሚመለከት ጠፋ። ሁሉም ሌላው ሰጥቷታል ይላል። ትምህርት ሲዘጋ የጥበቃው ሠራተኛ አዝነውላት ወደ ቤታቸው ወሰዷት። የአርባ ልጆች ንብረት የነበረችው ጥንቸል ጌታ ያገኘችው ያን ቀን ነው።

ይህ የሆነው ልጆቹ ክፉዎች ስለ ነበሩ አይደለም። ፍቅር ብቻውን እንስሳን አያኖርም። ለዚህ ምስክር የሚሆነን ያው ጊኒ ፒግ ነው። እርሱ ከአይጥ ወገን የሆነ፣ ጅራት የሌለው፣ አንድ ኪሎ ያህል የሚመዝን ሣር በል እንስሳ ነው። የትውልድ አገሩ በደቡብ አሜሪካ ያለው የአንዲስ ተራራ ሲሆን፣ የዚያ አገር ሰዎች ከብዙ ሺህ ዓመት ጀምሮ ለሥጋው ያረቡታል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1907 ዓ.ም. ሆልስትና ፍሬሊክ የተባሉ ሁለት የኖርዌይ ሊቃውንት ይህን እንስሳ እህል ብቻ ቢመግቡት ስከርቪ የተባለው፣ ድድን የሚያደማና ኃይልን የሚያደክም በሽታ ያዘው። ትኩስ አትክልት ሲጨመርለት ግን በሽታው ተከለከለ። ምክንያቱም የእርሱ ሰውነት እንደ እኛ ሰውነት ሁሉ ቪታሚን ሲ የተባለውን ንጥረ ነገር ራሱ ለመሥራት አይችልም። እንግዲህ አስቡ፤ ዘወትር ስንዴ ብቻ የሚያቀርብለት ልጅ እንስሳውን ይወደዋል፤ ነገር ግን እየወደደ ይገድለዋል።

ከዚህም በላይ ጥርሱ ዕድሜውን ሙሉ የሚያድግ ስለ ሆነ ዘወትር ሣር ማኘክ ያስፈልገዋል። ከወገኖቹ ጋር በመንጋ የሚኖር ፍጥረት ነውና ብቻውን መሆን ይጎዳዋል። የስዊዘርላንድ መንግሥት በ2008 እ.ኤ.አ. ባወጣው ደንብ ጊኒ ፒግን ብቻውን ማኖር የከለከለው ስለዚህ ነው። ደግሞም በአውሬ የሚታደን ፍጥረት ስለ ሆነ ሕመሙን ይሰውራል። ልጆቹ ዝም ማለቱን አይተው እንዴት ጨዋ ነው ሲሉ፣ እርሱ ታሞ ይሆናል። ዕድሜውም ከአምስት እስከ ስምንት ዓመት ይደርሳል። የአንድ ክፍል ዕድሜ ግን አሥር ወር ነው። ተማሪው ወደሚቀጥለው ክፍል ሲያልፍ እንስሳው በሣጥኑ ውስጥ ይቀራል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1824 ዓ.ም. የተመሠረተው የእንግሊዝ የእንስሳት ደኅንነት ማኅበርም ትምህርት ቤቶች እንስሳ ባያኖሩ ይመርጣል።

ስለዚህ ጉዳይ ፈላስፎች ሁለት መንገድ አሳይተውናል። ጀርመናዊው ኢማኑኤል ካንት በእንስሳ ላይ የሚጨክን ሰው ልቡ ስለሚደነድን በሰውም ላይ ይጨክናል ሲል አስተማረ። እንግሊዛዊው ጄረሚ ቤንታም ደግሞ በ1789 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ስለ እንስሳ መጠየቅ ያለብን ማሰቡን ወይም መናገሩን ሳይሆን ሥቃይ የሚሰማው መሆኑን ነው አለ። የካንት ቃል እውነት ነው፤ ብቻውን ሲቆም ግን አደጋ አለበት። እንስሳው የእኛ ጠባይ ማረሚያ መሣሪያ፣ እንደ ጠመኔና እንደ ሰሌዳ ያለ ዕቃ ሆኖ ይቀራልና። ጠመኔ አይጠማውም፤ ሰሌዳም አይፈራም። ሕያው ፍጥረት ግን በክፍል ውስጥ በተቀመጠ ጊዜ አያያዙ ራሱ ትምህርት ይሆናል። አስተማሪው ስለ ርኅራኄ አንድ ሰዓት ሲናገር የውኃው ዕቃ ደርቆ ከታየ፣ ልጆቹ የሚማሩት ከደረቀው ዕቃ ነው። የደካማው ጥማት ታይቶ ሊታለፍ እንደሚችል ይማራሉ።

ጊኒ ፒግ በእኛ አገር ብርቅ ነው፤ ጥያቄው ግን ብርቅ አይደለም። የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው ፈረስ በዓድዋ ዘመቻ የዋለውን ውለታ ለማሰብ ነው። ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም ይባላል፤ ያደረሰውን የማይረሳ ሕዝብ መሆን ትልቅ ክብር ነው። በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በእንጅባራ ፈረሱ አጊጦ፣ እልል ተብሎለት ሲጋልብ ማየት ልብን ደስ ያሰኛል። ይሁን እንጂ በእንጅባራም ሆነ በዳንግላ ጎዳና ጀርባው ገጥቦ ጋሪ የሚጎትት ፈረስም ይታያል። በዓሉ በዓመት አንድ ቀን ነው፤ ፈረሱ የሚጠማው ግን በየቀኑ ነው። ጥንቸሏም በመጀመሪያው ሳምንት እንዲሁ ተከብራ ነበር።

ሰው በሚቸገርበት አገር ስለ ጥንቸልና ስለ ፈረስ ጀርባ ማሰብ ቅንጦት አይደለምን? ብሎ የሚጠይቀኝ ይኖር ይሆናል። ሰው እንደሚቀድም አልክድም። ነገር ግን ርኅራኄ ለአንዱ ሲሰፈር ለሌላው የሚጎድል እህል አይደለም። ባለጋሪው ከኮርቻው በታች ለስላሳ ጨርቅ ቢያደርግ፣ ውኃም ቢያጠጣ ከልጆቹ ምግብ የሚቀንሰው የለም፤ እንዲያውም እንጀራውን የሚጎትትለትን ፈረስ ያቆይለታል። ጠቢቡ ሰሎሞንም ለከብቱ ነፍስ መራራትን ከጻድቅ ሰው ምልክቶች አንዱ አድርጎ ቆጥሮታል። ገበሬዎቻችን በሰንበት በሬያቸውን ከቀንበር የሚያሳርፉት ይህን ሕግ ከአባቶቻቸው ስለ ተቀበሉ ነው።

እንግዲህ የእኔ ፍርድ ይህ ነው። እንስሳን በክፍል ለማኖር የሚፈልግ አስተማሪ አስቀድሞ ለአራት ጥያቄዎች መልስ ይስጥ። ምን እንደሚበላና ምን እንደሚጎዳው ያውቃልን? ከወገኑ ጋር የሚኖር ፍጥረት ከሆነ ጓደኛ አዘጋጅቶለታልን? ልጆች መዳሰሱን ሲያበዙበት የሚሸሸግበት ስፍራ አለውን? በሐምሌና በነሐሴ፣ ትምህርት ቤቱ ተዘግቶ የአዊ ዝናብ ሲወርድ፣ በስሙ የሚጠየቀው አንዱ ሰው ማን ነው? ከነዚህ አንዱ መልስ ካጣ እንስሳውን አያምጣ።

እንስሳው ባይመጣም ትምህርቱ አይቀርም። ልጆቹን ወደ በረት ይውሰዳቸው። ጥጃዋ ከእናትዋ ጋር ሆና፣ ማታ ማታ ቆጥሮ የሚያስገባት ባለቤት ባላት ስፍራ ይመልከቷት። የትኛዋ ላም ለምን እንዳነከሰች፣ የትኛው ፈረስ በምን እንደ ገጠበ እረኛውን ይጠይቁት፤ ከመጽሐፍ የማይገኝ ዕውቀት ከእርሱ ዘንድ ያገኛሉ።

ወጣቶች ሆይ፤ ነገ በእጃችሁ ላይ ልዩ ልዩ ፍጥረት ይወድቃል። አንዳችሁ ሕፃን፣ አንዳችሁ በሽተኛ፣ አንዳችሁ እስረኛ፣ አንዳችሁም ያረጀች እናት ትጠብቃላችሁ። ከእነርሱ ብዙዎቹ እንደ ታሰረ እንስሳ ሁሉ ጥማታቸውን ሊነግሯችሁ አይችሉም። እንግዲህ ሳይጠየቅ የውኃውን ዕቃ መመልከት ከዛሬ ጀምሮ ልማድ ይሁናችሁ።