ለዓይን የተፈቀደ፥ ለእግር የተከለከለ

ግንብ የሚያሠራ ሰው ሁለት ነገር ይፈልጋል፤ አንደኛው ከሩቅ እንዲታይ፥ ሁለተኛው ሩቅ እንዲያይ ነው። በሰናዖር ሜዳ ግንብ የዠመሩት ሰዎች ስማቸውን ለማስጠራት እንደ ነበረ በኦሪት ተጽፏል፤ ፍጻሜውም መለያየት ሆነ። በኋላ ዘመን የመጣው የቴሌቪዥን ግንብ ግን የተለያየውን ለማገናኘት የሚሠራ ነው። ድምፅንና ሥዕልን የሚሸከመው ሞገድ እንደ ብርሃን ቀጥ ብሎ የሚሄድ ስለ ሆነ፥ ቤትና ኮረብታ እንዳያግደው መነሻው ከፍ ማለት ይገባዋል።

ከዚህ ዓይነት ግንብ እጅግ ከታወቁት አንዱ በበርሊን ከተማ ይገኛል። በአውሮፓ አቈጣጠር በ1961 ዓ.ም. የምሥራቅ ጀርመን መንግሥት የከተማዪቱን ምሥራቅ ከምዕራቡ በቅጥር ለየው። ከአራት ዓመት በኋላ በ1965 ዓ.ም. ይኸው መንግሥት በ13ኛው መቶ ዓመት ከተሠራችው ከቅድስት ማርያም ቤተ ክርስቲያን አጠገብ የቴሌቪዥኑን ግንብ ማሠራት ዠመረ። መንግሥቱ የተቋቋመበት 20ኛ ዓመት ሊከበር አራት ቀን ሲቀረው፥ ኦክቶበር 3 ቀን 1969 ዓ.ም. ግንቡ ተመረቀ። ቁመቱ ዛሬ 368 ሜትር ነው፤ ከወገቡ በላይ 32 ሜትር ስፋት ያለው የብረት ሉል ተሰክቶበታል። በሉሉም ውስጥ በ203 ሜትር ከፍታ ላይ የጎብኝዎች መመልከቻ፥ ከዚያም ጥቂት ከፍ ብሎ ቀስ እያለ የሚዞር ምግብ ቤት አለ። ያሠራው መንግሥት ይህን ሁሉ ለአገልግሎት ብቻ ሳይሆን፥ የዕውቀቱና የኃይሉ ምስክር ይሆንለት ዘንድ አሰበው።

እንግዲህ አንድ የምሥራቅ በርሊን ሰው በእሑድ ቀን ልጁን ይዞ ወደዚያ ቢወጣ ምን ያይ ነበር? ከሦስት ኪሎ ሜትር ባነሰ ርቀት ቅጥሩን ያያል፤ ከቅጥሩም ማዶ ምናልባት ወንድሙ ወይም እኅቱ የሚኖሩበትን ሰፈር ያያል። ዓይኑ ባንድ ቅጽበት የደረሰበትን ስፍራ ግን እግሩ ያለ መንግሥት ፈቃድ ሊረግጠው አይችልም። በዚያ ቅጥር ምክንያት በ28 ዓመት ውስጥ ቢያንስ 140 ሰዎች ሞተዋል። ልጁም «አባባ፥ ወደዚያ ማዶ ለምን አንሄድም?» ብሎ ቢጠይቀው፥ አባትየው ግራና ቀኙን ሳያይ ሊመልስለት አይችልም ነበር።

እንዲህ ያለው ማየት ስጦታ ነውን፥ ወይስ መሣለቂያ? አንዱ ሰው «ጨርሶ ካለማየት ማየት ይሻላል» ይል ይሆናል። ሌላው ደግሞ «የተራበን ሰው እስከ ግብር አዳራሽ ደጅ አድርሶ ሽታውን ብቻ እንዲያሸት ማድረግ ጭካኔ ነው» ይላል። ሁለቱም እውነት አላቸው። ነገር ግን አሳዪው በሚያየው ሰው ልብ ላይ ሥልጣን እንደሌለው መዘንጋት አይገባም። መንግሥቱ ያሳየው ታላቅነቱን ነበር፤ ሰውየው ያየው ግን የተከለከለውን ነው።

ሥራው ራሱም ለሠሪው አሳብ አልታዘዘም። ፀሐይ በሉሉ ላይ ስታርፍ በብረቱ ላይ መስቀል የሚመስል ብርሃን ይታያል። ይህም ሃይማኖትን በማይወድ መንግሥት ግንብ ላይ ስለ ታየ፥ የከተማው ሰዎች እየሣቁ «የፓፓው ብቀላ» የሚል ስም አወጡለት። ነገሩን ተአምር ማለት አያስፈልግም፤ የብረቱ አሠራር ያመጣው ነው። ቢሆንም ሠሪው ያላሰበውን ሥራው ሊናገር እንዲችል ያስረዳል።

ቅጥሩ ኖቬምበር 9 ቀን 1989 ዓ.ም. ተከፈተ፤ በሚከተለው ዓመት ኦክቶበር 3 ቀን፥ ግንቡ በተመረቀ በ21ኛው ዓመት፥ ሁለቱ ጀርመኖች አንድ ሆኑ። የዚያ መንግሥት የምክር ቤት አዳራሽ የነበረበት የሪፐብሊክ ቤተ መንግሥት እስከ 2008 ዓ.ም. ፈርሶ አለቀ፤ ግንቡ ግን ቆመ። ዛሬም ሞገድ ያስተላልፋል፤ በየዓመቱም ከአንድ ሚሊዮን የሚበልጥ ሰው ይጐበኘዋል። ግፍ የሠራ መንግሥት ያቆመው ሁሉ መፍረስ ይገባዋልን? ድንጋይና ብረት ኃጢአት የላቸውም፤ ለሕዝብ የሚጠቅመውን ማፍረስ በሟች ላይ የሚደረግ ብቀላ ነውና ማንንም አይክስም። ነገር ግን ሥራውን ያተረፈ ትውልድ ታሪኩንም ማትረፍ ዕዳ አለበት። ዛሬ ከዚያ ከፍታ ላይ ሆኖ የሚመለከት እንግዳ ቅጥሩ የነበረበትን መስመር በቀላሉ አይለየውም፤ የሚነግረው ካላገኘ ውብ ከተማ አይቶ ይመለሳል።

ያ ጥያቄ የጠየቀ ልጅ በሕይወት ካለ ዛሬ ሸምግሏል። ከግንቡ ወርዶ ወደ ምዕራብ ቢራመድ፥ ሰዓት ሳይሞላ የቅጥሩን ስፍራ ያልፋል፤ ማንም ወረቀት አይጠይቀውም። የልጅ ልጁን አስከትሎ እንደ ሆነ፥ በዚያ ስፍራ ጥቂት ቆም ብሎ አባቱ ያልመለሰለትን ቢመልስለት መልካም ነው።