ጥርሱን የታመመ ሰው ለምን ይዋሻል?

ሰኞ ጠዋት ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚወጣው ሚኒባስ ጢም ብሎ ይሞላል። ገሚሱ ሊሸጥ ገሚሱ ሊገዛ ወደ ሰኞ ገበያ ነው የሚሄደው። ከመካከላቸው ግን አንዱ ጉንጩን በፎጣ ጠቅልሎ፣ ቅርንፉድ ነክሶ፣ የሐረጎን ዳገት በዝምታ ይወጣል። ይህ ሰው ገበያተኛ አይደለም። ይህ ጽሑፍ ስለ እሱ ነው።

የምናነሣው ጥያቄም ይኸውና፦ እውነት ተናግሮ ላልታመነ ሰው መዋሸት ይፈቀድለታል ወይ? «ለጥርስ ፈቃድ ይኼ ሁሉ ፍልስፍና ምን ያደርጋል?» የሚል አንባቢ ይኖራል። እኛም እንደዚያ ብለን ነበር፤ የሆነው እስኪሆን ድረስ።

ባለፈው ክረምት ሦስት ሆነን ኮምቦልቻ ውስጥ ከአንድ ፋብሪካ ተቀጥረን ነበር። ሥራችን ካርቶን ማሸግ ነው። በሁለተኛው ሳምንት የአንዳችን መንጋጋ ጥርስ ተነሣበት። የማን እንደነበር አንናገርም፤ ጥርሱ የአንዱ ቢሆንም ቀጥሎ የመጣው ነገር የሦስታችንም ነው። ሁለት ሌሊት አልተኛም፤ እሱ ስላልተኛ እኛም አልተኛንም። ነጭ ሽንኩርት ቀጠቀጥን፣ አረቄ አስያዝን፤ ወይ ፍንክች! ደሴ ወዳለ አንድ የጥርስ ሐኪም ስንደውል የተገኘው ቀጠሮ ሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ሆነ።

ተቆጣጣሪያችን ዘንድ ቀረብን። «ጋሼ፣ ጥርሱን ታሟል፤ ለሰኞ ግማሽ ቀን ይፍቀዱለት» አልን። ቀና ብለውም አላዩን። «ሰኞን ጠብቆ የሚያም ምን ዓይነት ጥርስ ነው? ገበያ አምሯችሁ ከሆነ ገበያ በሉኝ። አለዚያ የሐኪም ወረቀት አምጡ!» አሉ። ወረቀቱን ለማግኘት ሐኪሙ ዘንድ መሄድ ያስፈልጋል፤ ለመሄድ ፈቃድ፤ ለፈቃዱ ደግሞ ወረቀት። ዙሪያ ጥምጥም!

የጨነቀው እርጉዝ ያገባል እንዲሉ፣ በማግስቱ አያቱን ገደልናቸው። ሴትዮዋ ካረፉ አራት ዓመት ሆኗቸዋል፤ ዳግመኛ ገደልናቸው። ማን እንደሚናገር፣ ማን እንደሚያለቅስ፣ ማን ደግፎ እንደሚይዝ ማታውን ተከፋፈልን። ተቆጣጣሪው ይህን ሲሰሙ ከመቀመጫቸው ተነሡ። «እግዜር ያጥናህ ልጄ» ብለው ሦስት ቀን ሰጡት። ለእውነተኛ ጥርስ ግማሽ ቀን የተነፈገ ሰው ለሐሰት ሞት ሦስት ቀን አገኘ። ጥርሱም ሰኞ ተነቀለ። እኛም ሳቅን።

አሁን ወደ ሕጉ እንመለስ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156 የቅርብ ዘመድ ለሞተበት ሠራተኛ ሦስት የሥራ ቀን ከነደመወዙ ይሰጣል። ለታመመም ፈቃድ አለው፤ የመጀመሪያው ወር በሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወሮች በግማሽ፣ የመጨረሻዎቹ ሦስት ወሮች ያለ ደመወዝ። ነገር ግን ይህ የሙከራ ጊዜውን ጨርሶ በሕመም ምክንያት መሥራት ላልቻለ ነው፤ የሙከራ ጊዜው ደግሞ እስከ 60 የሥራ ቀን ይዘልቃል። እንግዲህ የሁለት ሳምንት ሠራተኛ የት ይግባ? ደግሞስ ቆሞ ካርቶን የሚያሽግ ሰው «መሥራት አልቻለም» ይባላል? የጥርስ ክፋቱ እዚህ ላይ ነው፤ ሰውን አይጥለውም፣ እያሠቃየ ያሠራዋል።

የሌላውን ሕመም ማወቅ ድሮም ፈላስፎችን ያስቸገረ ነገር ነው። ዊትገንስታይን በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ካምብሪጅ ሲያስተምር የሰው ሕመም እንዴት ይታወቃል የሚለውን ለመመርመር ደጋግሞ ያነሣው የነበረው ምሳሌ የጥርስ ሕመም ነው። ምሳሌው የተመረጠው በከንቱ አይመስለንም። ጥርስ አያነክስም፣ ደም አያፈስም፤ ምስክሩ ባለቤቱ ብቻ ነው። ሌላ ምስክር የሚቆምለት ጉንጭ ሲያብጥ ነው። ያን ጊዜ ደግሞ ነገሩ አልፏል፦ ቀዳዳው ትንሽ ሳለ ሊሞላ ይችል የነበረው ጥርስ መግል ቋጥሯል፤ ኢንፌክሽኑም ወደ መንጋጋና ወደ አንገት ሊዘልቅ ይችላል። ስለዚህ «ማስረጃ አምጣ» ማለት ብዙ ጊዜ «ጥርስህን ካጣህ በኋላ አምንሃለሁ» ማለት ነው። ይህም የጥቂቶች ችግር አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው ሪፖርት በአፍና በጥርስ በሽታ የተያዘው ሕዝብ ወደ 3.5 ቢሊዮን ይጠጋል።

እስከዚህ ድረስ ፍርዱ ለእኛ የሚያደላ ይመስላል። ውሸታችን ማንን ጎዳ? አያቲቱን እንደሆነ ሞት አይደግማቸውም።

መልሱ የመጣው በሳምንቱ ነው። ከእኛ ጋር የምታሽግ አንዲት እናት ነበረች፤ «እትዬ» ነበር የምንላት፤ ምሳዋን ሳታካፍለን በልታ አታውቅም። ጠዋት ሥራ ላይ እንዳለች ወንድሟ ሐይቅ ላይ ማረፉ በስልክ ተነገራት። እያለቀሰች ተቆጣጣሪው ዘንድ ሄደች። እሳቸውም «ባለፈው ሳምንት አያት፣ ዛሬ ደግሞ ወንድም! ከእድር ወረቀት አምጪ» አሏት። ለካስ የኛን ነገር ሰምተዋል። ስትለምን፣ ሰው ሲማልድላት፣ ረፋዱ አለፈ። ሐይቅ ስትደርስ ጀናዛው ተቀብሮ ነበር።

ካንት በ1797 (እ.ኤ.አ.) ባሳተመው ጽሑፍ ጓደኛህን ሊገድል ለሚያሳድድ ሰው እንኳ መዋሸት አይገባም ይላል። ክፍል ውስጥ ስንማረው «ይኼስ አበዛው» ብለን ነበር። አሁንም አብዝቶታል እንላለን፤ ነፍስ ለማዳን የተዋሸን ሰው አንኮንንም። ነገር ግን አንድ ቁም ነገር አይቷል፤ ውሸት የሚጎዳው የተዋሸውን ሰው ብቻ አይደለም፣ የሰውን ቃል ሁሉ ዋጋ ያወርዳል። በኛ አገር ቋንቋ እንናገረው ካልን እምነት እንደ እድር ነው። ሳያዋጣ የሚወስድ ሰው የሚወስደው ከሰብሳቢው ኪስ አይደለም፤ ነገ ሐዘን ከሚደርስበት ጎረቤቱ ነው። እኛ ያወጣነው የእትዬን ድርሻ ነበር።

ተቆጣጣሪውስ? እሳቸውም ሰው ናቸው፤ መስመሩ ከቆመ የሚጠየቁት እሳቸው ናቸው። ከእኛ በፊትም ስንቱ «ጥርስ» ከሰኞ ገበያ በግ ሲጎትት አይተው ይሆናል። ሆኖም አለማመናቸው ከጥፋት ነጻ አያደርጋቸውም። ሬሳ ካላየ የማያምን አሠሪ ሠራተኛውን ሬሳ መፍጠር ያስተምረዋል። አስቀድሞ ማመንም የማይቻል ነገር አይደለም፤ ያው አዋጅ ነፍሰ ጡር ሠራተኛ ከእርግዝናዋ ጋር ለተያያዘ ምርመራ ከነደመወዟ ፈቃድ እንድታገኝ ያዛል፤ የሐኪም ማስረጃ ብትጠየቅ የምታቀርበው ተመርምራ ስትመለስ ነው። አስቀድሞ መሄድ፣ ከዚያ ወረቀቱ። ለጥርስስ ይኸው ቢደረግ ምን ይጎድላል? ግማሽ ቀን ነው እኮ!

ታዲያ ጥያቄያችንን እንመልስ። አለመታመን ውሸታችንን ያስረዳል እንጂ አያጸድቀውም። ከሁሉ የሚቆጨን ደግሞ ሌላ ነው። ሦስት ሰዎች ነበርን። ለውሸቱ ለመተባበር አንድ ምሽት አልፈጀብንም፤ ልቅሶውን እንኳ ተከፋፍለናል። ሦስታችንም ተመልሰን «ጥርሱ እውነት ነው፤ ሥራውን እኛ እንሸፍናለን፣ ወረቀቱን ማታ ያመጣል» ለማለት ግን አልሞከርነውም። ምናልባት እንደገና እምቢ እንባል ነበር። ያን ጊዜ ጥፋቱ የአንድ ወገን ብቻ በሆነ ነበር፤ እትዬም ለወንድሟ በደረሰች።

ክረምቱ ሲያልቅ ሥራውን ለቀን ወጣን። እትዬን ተሰናበትናት፤ እሷም መረቀችን። እውነቱን ግን አልነገርናትም። ዘንድሮ ክረምት ሥራ የምትገቡ ጓደኞቻችን ይህን አስቡበት፦ ጥርሳችሁን ስትታመሙ ጥርሴን ታመምሁ በሉ፤ አጠገባችሁ ያለውም ሲታመም አብራችሁት ቁሙ።