ከፈተና በኋላ ስለ መጠየቅ

ሥራ ፈላጊ በፈታኞች ፊት ቀርቦ፣ የሚያውቀውን ሁሉ አስረድቶ ከወጣ በኋላ፣ ነገሩን ለፈቃደ እግዚአብሔር ትቶ ዝም ማለት ይገባዋልን፣ ወይስ ተመልሶ ቢጠይቅ ሃይማኖት እንደ ጎደለው ይቆጠርበታል? በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 18 የተነገረላት መበለት፣ እግዚአብሔርን የማይፈራውን ዳኛ እየተመላለሰች ስትጠይቅ፣ የለመነችው ምጽዋትን ሳይሆን ፍርድን ነበር፤ መድኃኔ ዓለምም ሳይታክቱ ለሚጸልዩ ምሳሌ አደረጋት እንጂ አልነቀፋትም። ስለዚህ መጠየቅ ትዕግሥትን አያፈርስም እላለሁ።

ሆኖም መጠየቅም ሥርዓት አለው። አስተዋይ አመልካች ገና ከወንበሩ ሳይነሣ ውሳኔው መቼ እንደሚታወቅ ይጠይቃል፤ በማግሥቱም የተወዳደረበትን የሥራ መደብ ጠቅሶ ሦስት አራት መስመር የምስጋና ቃል በኢሜይል ይልካል፤ የተቀጠረለት ቀን ሳያልፍ አይደውልም፣ ካለፈ ግን ስሙንና የተፈተነበትን ዕለት ተናግሮ ጉዳዩ ከምን እንደ ደረሰ በትሕትና ይጠይቃል። የመሥሪያ ቤቱን የማስታወቂያ ሰሌዳ ማየትንም አይዘንጋ።

ዘመድ ፈልጎ በጓሮ በር መግባት ግን የሌላውን ተወዳዳሪ እንጀራ መንጠቅ ነው። ቀድሞ የመኳንንትን ደጅ ዓመታት ሙሉ ሲጠና የኖረ ሰው የሚሻው ሞገስን ነበር፤ የዛሬው አመልካች ግን በማስታወቂያ ተጠርቶና ተፈትኖ የመጣ ስለ ሆነ፣ መልስ የመስጠት ዕዳው በቀጣሪው ላይ ነው። «አልተመረጡም» የሚል አጭር ደብዳቤ የደረሰው ሰው አዝኖ ሲያበቃ ሌላ ማመልከቻ ይጽፋል፤ ምንም ያልተነገረው ግን፣ ሌላ ሥራ ቢያገኝ እንኳ እሺ ለማለት እያመነታ ወራቱን ይፈጃል፤ ይህንንም በደል ከኃጢአት የማይቆጥሩ ሹማምንት መብዛታቸው እጅግ ያሳዝነኛል።