የከሰል ምስክርነትና የሰው ፍርድ

እሳት በሰው ልጅ ታሪክ ውስጥ ሁለት ገጽታ ያለው ኃይል ሆኖ ኖሯል። ምግብን አብስሎ፣ ጨለማን ገፍፎ፣ አውሬን አርቆ ሰውን ለሰውነት ያበቃ መሣሪያ ነው፤ በአንጻሩም ጎተራንና ጫካን፣ መንደርንና መንጋን በአንድ ሌሊት ወደ አመድ የሚለውጥ ጠላት ነው። ስለዚህም የተቃጠለ ምድር በታየ ቁጥር «እንዴት ነደደ?» ከሚለው ጥያቄ ቀድሞ «ማን ለኮሰው?» የሚለው ይነሣል። የፊተኛው የሳይንስ ጥያቄ ነው፤ የኋለኛው የፍርድ። የጥንት ቃጠሎን፣ የአየር ንብረትንና የዕፅዋትን ለውጥ የሚመረምረው ሳይንስ በሁለቱ ጥያቄዎች መገናኛ ላይ የቆመ በመሆኑ፣ ከቤተ ሙከራ ግድግዳ አልፎ የሥነ ምግባር ጉዳይ ይሆናል።

የዚህ ምርምር መዝገብ የሐይቅና የረግረግ ደለል ነው። ነፋስና ጎርፍ ያመጡት የአበባ ብናኝና የከሰል ቅንጣት በውሃው ወለል ላይ ለሺህ ዓመታት እየተነባበረ ይቀመጣል። ተመራማሪው ደለሉን በቧንቧ ሰርስሮ ያወጣል፤ ዕድሜውን በራዲዮ ካርቦን ይለካል፤ ንጣፉን በየተራ በማይክሮስኮፕ እየመረመረ ብናኙን በየዓይነቱ፣ ከሰሉን በየቅንጣቱ ይቆጥራል። ብናኙ በአካባቢው ምን ይበቅል እንደነበር፣ ከሰሉም ምን ያህል ይነድ እንደነበር ያስረዳሉ። የብናኝ ቆጠራ የጥንቱን ዕፅዋት ታሪክ እንዲያሳይ አድርገው እ.ኤ.አ. በ1916 ያቀረቡት የስዊድኑ ሊቅ ሌናርት ፎን ፖስት ናቸው።

ከሰሉን ከሰው እጅ ጋር በማገናኘት ረገድ ቀደምት ከሆኑት ሥራዎች አንዱ የዴንማርካዊው የዮሃንስ ኢቨርሰን ጥናት ነው። ኢቨርሰን እ.ኤ.አ. በ1941 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ የዛፍ ብናኝ ቀንሶ የሣርና የአረም ብናኝ በበዛበት ንጣፍ አጠገብ ከሰል መገኘቱን ገለጹ፤ ይህንንም የድንጋይ ዘመን ገበሬዎች ደኑን መንጥረውና አቃጥለው እርሻ የጀመሩበት ወቅት ነው ሲሉ ተረጎሙት። በ1950ዎቹም በድራቬድ ደን ውስጥ ኢቨርሰንና ባልደረቦቻቸው ዛፎችን በድንጋይ መጥረቢያ አስቆርጠው፣ አቃጥለው፣ በአመዱ ላይ እህል ዘሩ። ሙከራው ተሳካ። ይሁን እንጂ እንዲህ ያለ ሙከራ የሚያረጋግጠው ነገሩ ሊደረግ መቻሉን ነው፤ በእርግጥ ተደርጎ እንደሆነ ግን ሌላ ማስረጃ ይጠይቃል። በሚቻለውና በሆነው መካከል ያለው ርቀት ለተመራማሪው የትክክለኛነት፣ ለፈራጁ ደግሞ የፍትሕ ጉዳይ ነው።

ይህ ርቀት በጉልህ የታየው በአውስትራሊያ ነው። በሰሜን ምሥራቅ ኩዊንስላንድ፣ በአተርተን አምባ ላይ ሊንችስ ክሬተር የተባለ ጥንታዊ የእሳተ ገሞራ ጉድጓድ አለ። ፒተር ከርሾ ከዚሁ ጉድጓድ ደለል ውስጥ ትልቅ ለውጥ አነበቡ። ከ40 ሺህ ዓመታት በፊት ገደማ የከሰሉ መጠን በድንገት ያሻቅባል፤ እሳት የማይወዱት አራውካሪያን የመሳሰሉ ዛፎች እየመነመኑ፣ ቃጠሎን የሚቋቋመው የባሕር ዛፍ ወገን ቦታቸውን ይወስዳል። ሰው ወደ አህጉሩ ገብቶ ከነበረበት ዘመን ጋር ሲነጻጸር መልሱ ቀላል መሰለ፤ ሰው መጣ፣ እሳት ለቀቀ፣ ደኑ ጠፋ፣ ግዙፎቹ እንስሳትም በረሃብ አለቁ የሚል አስተሳሰብ ብዙ ደጋፊ አገኘ።

እ.ኤ.አ. በ2012 በሱዛን ሩል የተመራው፣ ከርሾም የተሳተፉበት ጥናት ይህን ቅደም ተከተል ገለበጠው። ተመራማሪዎቹ በዚያው ደለል ውስጥ በሣር በል እንስሳት እበት ላይ የሚበቅል ሻጋታ ዘሮችን ቆጠሩ። ሻጋታው የሚበዛው እበት ሲበዛ ነውና መጠኑ የመንጋውን ብዛት ያመለክታል። የሻጋታው ዘር ከ41 ሺህ ዓመታት በፊት ገደማ በድንገት ሲያንስ፣ ከሰሉ የጨመረው ከዚያ በኋላ፣ የደኑም መልክ የተለወጠው ከሁሉም በኋላ ሆኖ ተገኘ። እንግዲህ እንስሳቱ ቀድመው ጠፉ፤ የሚበላው ያጣው ሣርና ቅጠል ተከማችቶ ደረቀ፤ እሳቱም ነዳጅ አገኘ። በዚያን ጊዜ ይህን ያስከተለ የአየር ንብረት ለውጥ ባለመታየቱ፣ አጥኚዎቹ የእንስሳቱን መጥፋት ከሰው አደን ጋር አያይዘውታል። በመደምደሚያው የማይስማሙ ሌሎች ሊቃውንት አሉ። ሆኖም የዋናው ነጥብ ክብደት አይቀንስም፤ ለረጅም ጊዜ ምክንያት ተብሎ የተከሰሰው እሳት በዚህ ስፍራ ውጤት ሆኖ ተገኝቷል።

እንግዲህ ሰው ከክሱ ነጻ ወጣ ማለት ነውን? ጥያቄው የሚጠጥረው እዚህ ላይ ነው። አንድን ሰው ጥፋተኛ ለማለት የድርጊቱ መኖር ብቻ አይበቃም፤ አድራጊው ውጤቱን ማወቅ፣ ወይም ሊያውቅ መቻል ነበረበት። አንዱን ግዙፍ እንስሳ ወግቶ ቤተ ሰቡን የመገበ አዳኝ፣ ከብዙ ትውልድ በኋላ የአምባው ደን ወደ ባሕር ዛፍ እንደሚለወጥ ሊያይ የሚችልበት ዓይን አልነበረውም። እያንዳንዱ ትውልድ የተወለደበትን ምድር ከጥንት ጀምሮ እንዲሁ የነበረ አድርጎ ይቀበላል። የለውጡ ሰንሰለት በሙሉ የሚታየው ደለሉን ላነበበ ሰው ብቻ ነው። በመሆኑም የጥንቱ አዳኝ የምክንያቱ አካል ሊሆን ይችላል፤ ወንጀለኛ ግን ሊባል አይገባውም።

በተቃራኒው ደግሞ የጥንቱን ሰው ቅዱስ የሚያደርግ አመለካከት አለ። አርኪኦሎጂስቱ ሪስ ጆንስ እ.ኤ.አ. በ1969 የአውስትራሊያ ነባር ሕዝቦች እሳትን በዕቅድ የሚጠቀሙበት የምድር አያያዝ ጥበብ መሆኑን አመለከቱ፤ በትንታግ ማረስ እንደ ማለት ነው። መስኩን በየወቅቱና በየቁራሹ እያቃጠሉ ለምለም ሣር ያበቅላሉ፤ አደን ይስባሉ፤ ታላቁንም ቃጠሎ አስቀድመው ይከላከላሉ። ይህ ዕውቀት ክብር ይገባዋል። ነገር ግን ከሺህ ዓመታት ልምድ የተገኘ ዕውቀት መሆኑ ተዘንግቶ፣ ጥንታዊ ሰው በባሕርዩ ተፈጥሮን አይጎዳም ወደሚል ተረት ሲለወጥ ያው ሕዝብ እንደገና ይበደላል። የሚያጠፋ ብቻ ወይም የማይሳሳት ብቻ ተደርጎ የተሳለ ሰው፣ መማር የሚችል ሰው መሆኑ ተክዷል።

ጉዳዩ የሩቅ አገር ብቻ አይደለም። በኢትዮጵያ፣ በባሌ ተራሮች፣ ከባሕር ወለል በላይ በ3950 ሜትር ከፍታ ላይ ጋርባ ጉራቻ የተባለ ሐይቅ ይገኛል። ከዚህ ሐይቅ ደለል ተነሥቶ እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ በአካባቢው እሳት ቢያንስ ከ14 ሺህ ዓመታት በፊት ጀምሮ ነበረ፤ ቃጠሎው በተለይ የበረታውም ከ10,800 እስከ 6,000 ዓመታት በፊት ባለው ጊዜ ነው። ያ ዘመን የአፍሪካ አየር ከዛሬው ይበልጥ እርጥበት የነበረበት ነው። እሳት ድርቅን ብቻ ሳይሆን የሚበላውን ነዳጅም ይፈልጋልና፣ እርጥበቱ ያፋፋው ቁጥቋጦ በበጋው ወራት ማገዶ ይሆናል። አስታም ከተቃጠለ በኋላ ከጉቶው ዳግም ያቆጠቁጣል፤ አስታ ሲበዛ እሳት ይበዛል፣ እሳቱም አስታውን መልሶ ያጠናክራል። ሁለቱ ለብዙ ሺህ ዓመታት ተደጋግፈው ኖረዋል።

ማን ለኮሰው? በዚያው ተራራ በፊንጫ ሐበራ ዋሻ ከ47 ሺህ እስከ 31 ሺህ ዓመታት በፊት አዳኞች ሰፍረው፣ ፍልፈል እየጠበሱ እንደበሉ በዚያው ዓመት ሌላ ጥናት አስታውቋል። ሰው ለተራራው ባዕድ አይደለም ማለት ነው። ሆኖም የዋሻው ምድጃ ለሐይቁ ከሰል ማስረጃ አይሆንም። መብረቅም ይለኩሳል፤ ከሰሉ የለኳሹን ስም አይዝም።

ዛሬ የባሌ ከብት አርቢ ለግጦሽ አስታውን ሲያቃጥል ሁለት ችኩል ፍርዶች ይጠብቁታል። አንደኛው ደን አጥፊ ይለዋል፤ ሁለተኛው ከጥንት የነበረ ነገር ነውና ይቀጥል ይላል። ሁለቱም ከደለሉ የማይገኝ ነገር ከደለሉ ያወጣሉ። የጥንቱ ቃጠሎ አስታውን አለማጥፋቱ የዛሬው አያጠፋውም ማለት አይደለም፤ ቡቃያውን የሚበላው መንጋ በዝቷል፣ በእሳትና በእሳት መካከል ያለው የማገገሚያ ጊዜም ሊያጥር ይችላል። በሌላ በኩል እሳትን ፈጽሞ ማገድ ነዳጁን ለታላቅ ቃጠሎ ማከማቸት ሊሆን ይችላል። አጥኚዎቹ ራሳቸው በቁጥጥር የሚደረግ ቃጠሎ የፓርኩ አያያዝ አካል እንዲሆን ሐሳብ አቅርበዋል። ይህን ሐሳብ ሥራ ላይ ለማዋል አርቢው ተከሳሽ ሆኖ ሳይሆን አዋቂ ሆኖ ከሸንጎው መቀመጥ አለበት፤ ነፋሱንና ወቅቱን፣ የቁጥቋጦውን ዕድሜ በየቀኑ የሚያየው እርሱ ነውና። «በደረቅ አበሳ እርጥብ ይቃጠላል» የሚለው ብሂል፣ ማስረጃ ሳይጣራ ለሚሰጥ ፍርድ የተነገረ ያህል ነው።

ከዚህ አኳያ ሲታይ የጥንት ቃጠሎ ጥናት ትልቁ የሥነ ምግባር ትምህርት ተጠያቂነት ከዕውቀት ጋር አብሮ የሚያድግ መሆኑ ነው። የጥንቱ ለኳሽ ያላየውን ሰንሰለት የዛሬው አንባቢ አይቶታል። ስለዚህ ሳያውቅ ከለኮሰው ይልቅ አውቆ የሚያቃጥለው፣ አውቆም ዝም የሚለው የበለጠ ይጠየቃል። ሳይንቲስቱ ማስረጃው ከሚናገረው በላይ አይናገር። አስተዳዳሪው ከቆጠራ ሰንጠረዥ ላይ ዘሎ የቅጣት ውሳኔ አይጻፍ። መምህሩ ለተማሪው መደምደሚያውን ብቻ ሳይሆን መደምደሚያው የተገለበጠበትንም መንገድ ያስተምር። ከያኒውም የጥንቱን ሰው ሲሥል፣ ትንታጉን በእጁ እንዳስያዘው ሁሉ የማያውቀውን ነገ በፊቱ ላይ ያሳይ። ከሰል የታመነ ምስክር ነው፤ የፍርዱን ኃላፊነት ግን ለሕያዋን ትቶታል።