ይቅርታን ያስተማረ ብዕር



ስለ ይቅርታ ማስተማርና ይቅር ማለት አንድ አይደሉም። ለዚህ እውነት ከእንግሊዝ ታላላቅ ባለቅኔዎች አንዱ የሆነው ካቶሊካዊው አሌክሳንደር ፖፕ ምስክር ይሆነናል።

ፖፕ እ.አ.አ. በ1688 በለንደን ከካቶሊክ ወላጆች ተወለደ። በዚያ ዘመን የአገሩ ሕግ ካቶሊካውያን በዩኒቨርሲቲ እንዳይማሩ፣ የመንግሥት ሹመት እንዳይዙ፣ ከለንደንም በ10 ማይል ክልል ውስጥ እንዳይኖሩ ይከለክል ነበር። ገና በልጅነቱ ያደረበት የአከርካሪ አጥንት ነቀርሳም ጀርባውን አጎበጠው፤ ቁመቱም 1 ሜትር ከ40 እንኳ አልሞላም። እርሱ ግን በአብዛኛው በራሱ ጥረት ተምሮ የሆሜርን «ኢልያድ» በእንግሊዝኛ ግጥም ተረጎመ፤ በብዕሩም ራሱን ችሎ ኖረ።

እ.አ.አ. በ1711 ስለ ሂስ ባሳተመው ግጥሙ ትዕቢት ማስተዋልን እንደሚጋርድ፣ የሌላውንም ስሕተት በምሕረት ዐይን መመልከት እንደሚገባ አስተማረ። ዳሩ ግን ተቺዎቹ በጎባጣ ጀርባውና በሃይማኖቱ በተሳለቁበት ጊዜ እርሱም በቀልን መረጠ። እ.አ.አ. በ1728 «ደንሲያድ» በተሰኘው ሥራው ብዙዎቹን የዓለም መሳቂያ አደረጋቸው። የግጥሙ ጥበብ እስከ ዛሬ ይደነቃል፤ ቂሙም ከጥበቡ ጋር አብሮ ታትሞ ቀረ።

ነገር ግን ይህን ሰው በድክመቱ ብቻ አንመዝነው። እ.አ.አ. በ1717 አባቱ በሞተ ጊዜ፣ ወዳጁ የነበረው የአንግሊካን ጳጳስ ፍራንሲስ አተርበሪ ካቶሊካዊነቱን እንዲተው መከረው። ቢተው ኖሮ ብዙ የተዘጋ በር በተከፈተለት ነበር። ፖፕ ግን እናቱን እንዳያሳዝን በማሰብ ምክሩን በአክብሮት መለሰ፤ እናቱንም እ.አ.አ. በ1733 እስክታርፍ ድረስ ጦራት። እርሱም እ.አ.አ. በ1744 ከማረፉ በፊት ካህን ተጠርቶለት የቤተ ክርስቲያንን የመጨረሻ ምሥጢራት ተቀበለ። ያ ሁሉ የሚፈራው ባለ ስለታም ብዕር በመጨረሻ የተደገፈው በእግዚአብሔር ምሕረት ነበር።

ወንድሞችና እኅቶች፤ አበው «ምላስ አጥንት የላትም፣ አጥንት ግን ትሰብራለች» ይላሉ። ሐዋርያው ቅዱስ ያዕቆብም በመልእክቱ ምዕራፍ 3 ያስጠነቀቀን ስለዚሁ ነው። ሕፃናትን «አባታችን ሆይ» አስተምረን ስናበቃ፣ ሰላምታ የነፈግነውን ጎረቤታችንን በደጀ ሰላሙ ፊታችንን አዙረን አናልፈውምን? ልጆቹ ቃላችንን ሰምተዋል፤ ፊታችንንም አይተዋል። ከሁለቱ የትኛውን ይዘው ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ?

እንግዲህ ቂም የያዝንበት ሰው ካለ፣ ወደ ቅዱስ ቁርባን ከመቅረባችን በፊት ወደ ቤቱ እንሂድ። የሚያምር ንግግር ማዘጋጀት አያስፈልገንም፤ «ይቅር በለኝ» የሚለው ቃል ይበቃል። ለዚህ ጸጋውን ያድለን፤ አሜን።