ሁሉ ያላት መኪና

የመኪና ማስታወቂያ የሚያነብ ሰው «ፉል ኦፕሽን» ከሚለው ቃል ጋር ሳይገናኝ አንድ ገጽ አይጨርስም። ቃሉን ከእንግሊዝኛ ስንወስደው ትርጉሙን የመመርመር ፋታ ያገኘን አይመስለኝም። ኦፕሽን ማለት ምርጫ ነው፤ ይህን ልውሰድ ወይስ ልተወው እያለ ሰው የሚያመነታበት ነገር። «ፉል» ሲጨመርበት ግን ማመንታቱ ይቀርና ሁሉም ባንድነት ተጠቅልሎ ይሰጣል። ታዲያ ሁሉንም የወሰደ ሰው ምኑን መረጠ?

ነገሩ የቃላት ጨዋታ ብቻ ቢሆን ኖሮ እዚህ ላይ ባቆምኩ ነበር። ዳሩ ግን ዊንጌት አካባቢ የሚኖር አንድ ወዳጄ ሰሞኑን አንዲት ወረቀት ይዞ መጣ። እሱና ባለቤቱ ለአሥራ ሁለት ዓመታት ባጠራቀሙት ገንዘብ አዲስ መኪና ሊገዙ ነው፤ ያውም ተራ መኪና ሳይሆን ከአስፋልት ወጥታ ኮረኮንች የምትደፍር። በሥራ ቀን መርካቶ ታመላልሰዋለች። እሑድ እሑድ ደግሞ ልጆቹን ይዞ ጉለሌ የዕፅዋት ማዕከል ወይም የእንጦጦን ጫፍ ለጫፍ የሚሄደውን የአፈር መንገድ፣ በዓመት አንድ ሁለት ጊዜ በሰበታ በኩል አድርጎ ሱባ ጫካ። ከዚህ ያለፈ ሐሳብ የለውም። ወረቀቷ ግን ከዚህ በብዙ አልፋለች። ሁለት ሞተር፣ ትልቁ ባትሪ፣ ሃያ ኢንች ቸርኬ፣ ከፍ የተደረገ ሞላ፣ ከፊት የሚታሰር የብረት አጥር፣ ከጭቃ ጎትቶ የሚያወጣ ዊንች፣ ጣሪያ ላይ ፖርቶመጋላና አራት መብራት፣ ከላይ መስተዋት። የተጨማሪዎቹ ዋጋ ሲደመር ለታላቋ ልጁ የኮሌጅ ክፍያ የተቀመጠውን ገንዘብ ጠራርጎ የሚወስድ ሆነ።

ለመሆኑ ሰው ለማይሄድበት መንገድ መሰናዳቱ ጥንቃቄ ነው? ወይስ ሌላ ስም አለው?

ወዳጄን ስጠይቀው የመለሰልኝ ባጭሩ ነው። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ።»

ይህን መልስ በቀላሉ ማጣጣል አይገባም። የኛ አገር ሰው ለክፉ ቀን ማስቀመጥን የተማረው ከመጽሐፍ አይደለም። የ1977ቱን ድርቅ ያየ፣ በቀበሌ ሱቅ በር ላይ ለስኳርና ለሳሙና የተሰለፈ ትውልድ ዕቃ የሚገዛው ሲያስፈልገው ሳይሆን ሲገኝ ነው። ልጆቹም ይህን ጠባይ ወርሰናል። የውጭ ምንዛሪ እንደ ክረምት ፀሐይ ብልጭ ድርግም በሚልበት አገር ዛሬ የተውከውን ዕቃ ነገ አስመጪው እንደሚያመጣልህ ማን ዋስ ይሆንሃል? «አሁን ካልሆነ መቼም» የሚለው ስሌት የስስት ብቻ አይደለም፤ ከኑሮ የተቀሰመ ነው። ስለዚህ ወዳጄን ቅንጦተኛ ብዬ ለመስደብ አልቸኩልም። ጥያቄዬ ጥርጣሬው ወዴት እንደዞረ ነው። ሰው መጠርጠር ያለበት ዘወትር የሚሄድበትን መንገድ ነው ወይስ በማስታወቂያ ፊልም ያየውን?

የሚኖርበት ሰፈር ስም በዚህ ረገድ የሚነግረን ነገር አለው። ዊንጌት የሚለው ስም የመጣው በ1946 እ.ኤ.አ. ከተከፈተው ከጄኔራል ዊንጌት ትምህርት ቤት ነው፤ ትምህርት ቤቱ ደግሞ ስሙን ያገኘው ከእንግሊዛዊው የጦር መኮንን ከኦርድ ዊንጌት። ዓፄ ኃይለ ሥላሴ በጥር 1933 ዓ.ም. ኦሜድላ ላይ ድንበር ተሻግረው ሲገቡ ይህ ሰው «የጌዴዎን ጦር» የተባለውን ትንሽ ሠራዊት ይመራ ነበር። ለጦሩ ስንቅና ጥይት መጫኛ ከሱዳን 15 ሺህ ገደማ ግመሎች እንደተሰበሰቡ ተጽፏል። ግመል ለአሸዋና ለቆላ ተወዳዳሪ የሌለው መጓጓዣ ነው፤ በዚያ ዘመን በሱዳን በረሃ «ፉል ኦፕሽን» የሚባል ነገር ቢኖር እሱ ነበር። ወደ በላያና ወደ ጎጃም ደጋ ሽቅብ ሲባል ግን ድንጋዩ፣ አቀበቱ፣ ብርዱና ያልለመደው ግጦሽ ፈጀው። ከዚያ ሁሉ መንጋ አዲስ አበባ የደረሰው ከቁጥር የማይገባ ነበር ማለት ይቻላል። ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ በእንጦጦ በኩል ወደ ከተማይቱ ሲገቡ ዊንጌት ከፊት ሆኖ የገባው በነጭ ፈረስ ተቀምጦ ነው።

ጦርነት ከእሑድ ሽርሽር ጋር እንደማይነጻጸር አውቃለሁ፤ የተሻለ አማራጭም አልነበረው ይሆናል። ነገር ግን ግመሉ አቅም አልጎደለውም። አቅሙ የሌላ አገር አቅም ነበር። ወዳጄ ወረቀት ላይ ያለው የብረት አጥርም እንደዚያው የሌላ አገር ብልሃት ነው። በአውስትራሊያ ገጠር በሌሊት የሚነዳ ሰው ካንጋሮ በድንገት እየዘለለ ከፊቱ ስለሚገባ ራዲያተሩን ለማዳን የሚያስረው ነው። ዊንጌት አደባባይ ላይ ካንጋሮ የለም። ያለው ከትምህርት ቤት የሚወጣ ልጅ፣ ወደ ጳውሎስ ሆስፒታል በሽተኛ ደግፎ የሚሻገር ቤተሰብ፣ ከእንጦጦ ጫካ ቅጠልና ጭራሮ ተሸክማ ወገቧ ጎብጦ የምትወርድ እናት ነው። የመኪና ግንባር ቆርቆሮ ሰው ሲመታ በመጠኑም ቢሆን ይጨማደዳል፤ ጉዳቱን ይጋራል። ያልሰገረ ብረት ግን ምንም አይጋራም። የአውሮፓ ኅብረት በ2005 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ እንዲህ ያሉ አጥሮች እግረኛን የመጉዳት ፈተና ሳያልፉ እንዳይሸጡ የደነገገው በዚህ ምክንያት ነው። «ገንዘቡ የኔ፣ ማንን ጎዳሁ?» የሚለው ክርክር እዚህች ላይ ይሰናከላል። ሌሎቹ ተጨማሪዎች ቢበዛ የገዢውን ኪስ ያራቁታሉ፤ ይህ ግን የባለቤቱን ሥጋት ከራሱ ላይ አንሥቶ መንገድ ለሚሻገር ሰው የሚያሸክም ነው። ያ ሰው ደግሞ ዋጋውን ተደራድሮ አልፈረመም።

ሌላው ሁሉ ቀለል ያለ ነው፤ ቢሆንም ሻጮች የማይነግሩንን ጥቂት ነገር መናገር ይጠቅማል። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪናዎች እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ ከውጭ አዲስ አስመጥቶ የሚገዛ ሰው ዓይኑ የሚያርፈው በኤሌክትሪኩ ላይ ነው። ለእንጦጦ ይህ መጥፎ ዜና አይደለም። የነዳጅ ሞተር፣ በተለይ ተርቦ የሌለው፣ ከፍታ በጨመረ ቁጥር አየር እየሳሳበት ይደክማል፤ አዲስ አበባ ላይ ብቻ ከጉልበቱ ሩብ ያህል ያጣል። የኤሌክትሪክ ሞተር ግን ከፍታ አያውቅም። ቁልቁለቱን ሲወርድ ደግሞ ባትሪውን መልሶ ይሞላል። ከዚያ በተረፈ በደረቅ ወራት የእንጦጦን የአፈር መንገድ ለመውጣት አንድ ሞተር ይበቃል፤ ስንቱ ሰማያዊና ነጭ ላዳ፣ የኋላ ጎማው ብቻ እየገፋው፣ ወደ ማርያም ስንቱን ምእመን አላወጣም! በክረምት ጭቃው ሲያሟልጭ አራቱም ጎማ መግፋቱ ደግ ነው፤ ወዳጄ በክረምትም መውጣቱ የማይቀር ከሆነ ሁለተኛው ሞተር በከንቱ ገንዘቡን አይበላም። ግን አንድ ነገር ልብ ይሏል። አራት ጎማ መግፋቱ መኪናን ያስነሣል እንጂ አያቆምም። በፍሬን ጊዜ መኪና ሁሉ ባለ አራት ጎማ ነው፤ ቁልቁለት ላይ ሰው የሚድነው ወይም የሚጠፋው በጎማው ጥርስ፣ በክብደቱና በፍጥነቱ ነው። ትልቁ ባትሪ፣ ዊንቹና ብረቱ ሲደማመሩ ክብደቱን ይጨምራሉ። ሱባ ደርሶ ለመመለስ ከመቶ ኪሎ ሜትር ብዙም ለማይርቅ ጉዞ ያን ሁሉ ባትሪ መሸከም አንድ ጀሪካን ውኃ ለመቅዳት ቦቴ እንደ መንዳት ነው።

ከሁሉ የገረመኝ ሃያ ኢንቹ ቸርኬ ነው። ቸርኬ ሲተልቅ የጎማው ላስቲክ ይሳሳል፤ ድንጋይ ሲመታው የሚያለሰልስ ነገር የለም። ለአስፋልት ጌጥ የተሠራውን ነገር ለኮረኮንች ብሎ ተጨማሪ መክፈል ጎሚስታን ማበልጸግ ነው። አነስ ያለ ቸርኬ ከወፍራም ጎማ ጋር ርካሹም የተሻለውም ነው። በወረቀቷ ላይ ደግሞ ጨርሶ ያልተጻፉ ሁለት ነገሮች አሉ። ብዙዎቹ አዳዲስ መኪናዎች ቅያሪ ጎማ ሳይኖራቸው መጠገኛ ፈሳሽና ትንሽ መንፊያ ብቻ ይዘው ይመጣሉ፤ ጎኑ የተቀደደ ጎማን ያ ፈሳሽ አያድነውም። ሁለተኛው ከባትሪው ሥር የሚታሰር ጠንካራ ሰሌዳ ነው። ባትሪው ወለሉ ሥር ስላለ የሾለ ድንጋይ ቢያገኘው ጉዳቱ ቀላል አይሆንም። ሁለቱም ከውጭ አይታዩም፤ ማንም መንገደኛ ዘወር ብሎ አያይላቸውም። የተረሱትም ለዚህ ሳይሆን አይቀርም።

ወደ ዓይን ጉዳይ መጣን። ይህም ቢሆን አዲስ ነገር አይደለም። መኪና ወደዚህ አገር የገባው በ1900 ዓ.ም. ነው፤ እንግሊዛዊው ቤንትሊ ሲድሊ የምትባለውን መኪና መንገድ በሌለበት አገር አቋርጦ ለዳግማዊ ምኒልክ ሲያቀርብ። ከዚያ በፊት ግን ተራራ መውጣት የምትችለው የባላባት መኪና በቅሎ ነበረች። በቅሎም የራሷ ኦፕሽን ነበራት። ልጓም፣ እርካብ፣ ኮርቻ ለመንገዱ ናቸው፤ ግላሱና መርገፉ ደግሞ ለተመልካቹ። አባቶቻችን ሁለቱን አቀላቅለው ቢጭኑም ሳያምታቱ ያውቋቸው ነበር። መርገፍ በቅሎን ገደል ያስወጣል ብሎ የተከራከረ ሰው አልሰማሁም። ለጌጥ ከሆነ ለጌጥ ነው፤ ጌጥ ደግሞ በራሱ ኃጢአት አይደለም። የዛሬው ገዢ ግን መርገፉን «ለደኅንነት» ብሎ ይገዛል። ጣሪያ ላይ የተደረደሩት አራት መብራቶች ከአሥራ ሁለት ሰዓት በፊት ቤቱ ለሚገባ የቤተሰብ ሽርሽር ምን እንዲያበሩ ነው? ወዳጄ «ጎረቤቶቼ እንዲያዩልኝ እፈልጋለሁ» ቢለኝ እስቃለሁ እንጂ አልከራከረውም። ከአሥራ ሁለት ዓመት ቁጠባ በኋላ ጥቂት መታየት ቢያምረው ሰው ነው። የሚያስቸግረኝ ታይታው የጥንቃቄን ካባ ለብሶ ከልጁ የትምህርት ገንዘብ ፊት ሲሰለፍ ነው። ጥንቃቄ ከተባለ የልጅቷ ኮሌጅም ለክፉ ቀን የሚቀመጥ ነገር ነው።

እንዲህ ስል አንዳንድ አንባቢ «ይህ ሰው እንደ ዲዮጋን በርሜል ውስጥ እንድንኖር ሊመክረን ነው» ይል ይሆናል። ያ የግሪክ ፈላስፋ ሕፃን ልጅ በመዳፉ ውኃ ሲጠጣ አይቶ የቀረውን አንድ ኩባያ ወረወረ ይባላል። እኔ ኩባያውን አልወረውርም። ድህነትን እንደ ጥበብ የሚያሞግስ ጽሑፍም አይጥመኝም፤ በባዶ እግር መሄድን የሚያደንቅ ሰው ብዙውን ጊዜ ጫማ አለው። አበበ ቢቂላ በ1952 ዓ.ም. ሮም ላይ በባዶ እግሩ ሲሮጥ የተገኘው ጫማ እግሩን ስላልተመቸውና በባዶ እግር መሮጡን ስለለመደው ነው። በ1957 ዓ.ም. ቶኪዮ ላይ ደግሞ ጫማና ካልሲ አድርጎ ሮጦ አሸነፈ። ያው ሰው፣ ያው ርቀት። የሮሙን ብቻ ነጥሎ የሚተርክ ሰው ነገሩን አጉድሎታል። ሯጩ ሁለቱንም ጊዜ የጠየቀው እግሩን ነው።

የወዳጄን ቤተሰብ እግር የጠየቀው ማንም አልነበረም፤ በመጨረሻ ግን አማቱ ሳይጠየቁ ተናገሩ። ሻጩ መኪናዋን ለሙከራ ብሎ እስከ ደጅ ድረስ ሲያመጣት ሞላዋ ከፍ የተደረገው ዓይነት ነበረች። አሮጊቷ በየወሩ ለኪዳነ ምሕረት እንጦጦ ጸበል መሄድ ስለሚወዱ የመጀመሪያዋ ተሳፋሪ እሳቸው እንዲሆኑ ተወሰነ። ነጠላቸውን ሰብስበው አንድ እግራቸውን አነሡ፤ አልደረሰም። ሌላውን ሞከሩ። አማቻቸው በብብታቸው ይዞ ሊያነሣቸው ሲል እጁን ገፋ አድርገው፦

«ልጄ፣ ይኼ መኪና ነው ወይስ ቆጥ?» አሉ።

ሁሉም ሳቁ፤ እሳቸው ግን አልሳቁም። የወዳጄ ባለቤት ያን ዕለት ማታ ወረቀቷን ጠረጴዛ ላይ ዘርግታ እስክሪብቶ አነሣች። ሞላው ተሰረዘ፤ የብረት አጥሩና ዊንቹ ተሰረዙ፤ ባትሪው ወደ ትንሹ ተለወጠ። ቸርኬው አሥራ ሰባት ኢንች ሆነ። ቅያሪ ጎማና የባትሪ ሰሌዳ ከታች በእጅ ተጻፉ፤ ከነሱም ሥር ለአሮጊቷ የሚሆን የጎን መወጣጫ። ባልየው ስለ ሁለተኛው ሞተር አጥብቆ ስለተከራከረ ቀረለት። አራቱ መብራቶች ላይ ግን እስከ ትናንት ድረስ አልተስማሙም፤ እሷ ሁለት ይበቃል ትላለች።